እስቴፈን ባብኮክ፤ ወተትን የመረመረው ኬሚስት

ወተት ሁሉ ነጭ ነው። ውሃ የገባበትም ሆነ ስልባቦቱ የተገፈፈው፥ ካልተነካው ጋራ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ዓይን ብቻውን ለይቶ አይፈርድም። በዚህ ነጭነት ውስጥ ስንት ማታለል እንደ ተሸሸገ፥ ከማታለሉም ሌላ ስንት የተፈጥሮ ምስጢር እንደ ተቀበረ የገለጠች አንዲት አንገተ ረዥም ጠርሙስ ነች። የጠርሙሷን አባት እስቴፈን ሞልተን ባብኮክን የእርሻ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል፤ በኛ በሥነ ጽሑፍ ክፍል ግን ስሙን የሚያነሣ የለም። ስለዚህ በዚህ እትም የባለቅኔዎችንና የነገሥታትን ሕይወት ለጊዜው ትተን የአንድ ወተት መርማሪ ሕይወት ለመጻፍ ደፍረናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

ባብኮክ የተወለደው በ1843 ዓ.ም. ኦክቶበር 22 ቀን፥ በአሜሪካ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ብሪጅወተር በምትባል መንደር አጠገብ፥ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በ1866 ከተፍትስ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ግን ወዲያው ሊቅ ለመሆን አልተጣደፈም፤ ወደ ቤተሰቡ እርሻ ተመልሶ ዓመታት አሳልፏል። ይህን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። የኋላ ኋላ ስለ ላም ሲናገር የሚታወቀው ከመጽሐፍ ያገኘውን ብቻ ሳይሆን ገና በጧት በረት ገብቶ ያለበ ሰው የሚያውቀውን ስለ ነበረ ነው። ኬሚስትሪን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማረ፥ አስተማረም፤ ቀጥሎም ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ በ1879 ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በዶክተርነት ተመረቀ። በ1882 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ጄኒቫ በምትባለው ከተማ (የስዊሱን ጄኔቭ አይደለም) በተቋቋመው የእርሻ መመርመሪያ ጣቢያ ኬሚስት ሆኖ ገባ።

በዚያ ዘመን የከብት መኖ ዕውቀት የጀርመን ኬሚስቶች ግዛት ነበር። ለላም የሚሰጠው መኖ በላቦራቶሪ ይመረመርና ይህን ያህል ፕሮቲን፥ ይህን ያህል ስታርች፥ ይህን ያህል ስብ አለበት ይባላል፤ ሒሳቡ ከሞላ መኖው የተሟላ ነው ተብሎ ይፈረዳል። ባብኮክም እንደ ደንቡ ላሞቹ የሚበሉትን መረመረ፤ ከዚያ ግን የሚጥሉትን እበት ጭምር መረመረ። ሁለቱን ሒሳቦች ሲያስተያያቸው እጅግ ተቀራርበው አገኛቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ቍጥሩን በመዝገብ አስፍሮ ባለፈ ነበር፤ ባብኮክ ግን ሳቀ። ሳቁ በጓደኞቹ ዘንድ የታወቀ፥ ከላቦራቶሪው ውጭ የሚሰማ ረዥም ሳቅ ነበር ይላሉ። በዚህ ሒሳብ ከሄድንማ የድንጋይ ከሰልም ጥሩ መኖ ሊባል ነው እያለ በሊቃውንቱ ላይ መቀለዱ ይተረክለታል። ይሁን እንጂ ቀልዱን ሃያ ዓመት ሙሉ በሆዱ ይዞት ቆየ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1888 በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር ማዲሰን ከተማ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተጠርቶ የእርሻ ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ዊስኮንሲን ያን ጊዜ ከስንዴ ወደ ላም የሚሸጋገር አገር ነበር። መሬቱ ስንዴ ሲዘራበት ኖሮ ስለ ደከመ ገበሬው ወደ ወተት ዞረ፤ በየመንደሩም ቅቤና ፎርማጆ የሚሠሩ ትንንሽ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። ገበሬዎቹ በየጧቱ ወተታቸውን በጋሪ ጭነው ያመጣሉ፤ የፋብሪካው ሰው ይመዝናል፤ የሁሉም ወተት በአንድ ታላቅ ገንዳ ይቀላቀላል፤ ገንዘቡም በክብደት ይከፈላል። እንግዲህ የነገሩ ክፉነት ከዚህ ላይ ነው። ገዢው የሚፈልገው ከወተቱ የሚወጣውን ቅቤ ነው፤ የሚከፍለው ግን ለክብደቱ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ስልባቦቱን ገፎ ለቤቱ ያስቀረ፥ ወይም ወንዝ አጠገብ ቆሞ ጥቂት ውሃ የጨመረ ሰው ከጎረቤቱ የበለጠ እንጂ ያነሰ አያገኝም።

ከሌባው ይልቅ እኛን የገረመን ግን ሌባ ያልሆነው ሰው ጕዳይ ነው። ሁለት ሐቀኛ ገበሬዎች አሉ እንበል። የአንደኛው ላም በቀን 20 ኪሎ ወተት ትሰጣለች፤ ከመቶው 3 ተኩሉ ስብ ነው። የሁለተኛው ላም 14 ኪሎ ብቻ ትሰጣለች፤ ነገር ግን ከመቶው 5ቱ ስብ ነው። ብታሰሉት ሁለቱም ላሞች በቀን የሚሰጡት ስብ እኩል 700 ግራም ይሆናል። ያም ሆኖ የፊተኛው ገበሬ በ20 ኪሎ ሒሳብ ሲከፈለው የኋለኛው በ14 ኪሎ ሒሳብ ይከፈለዋል። ወተቷ ወፍራም የሆነ ላም ያለችው ሰው በገዛ ላሙ መልካምነት ይቀጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ገበያ ከቆየ ደግሞ ገበሬው ቀስ በቀስ የሚያስቀረው ብዙ ውኃማ ወተት የምትሰጠውን ላም፥ የሚሸጠው ወይም የሚያርደው ወፍራሙን የምትሰጠውን ይሆናል። የዋጋ አከፋፈል የከብቱን ዘር እስከ መለወጥ ይደርሳል፤ ይህን አስቀድመው የተረዱ ጥቂቶች ነበሩ።

ስብን መለካት በዚያ ዘመን የማይቻል ነገር አልነበረም። የሠለጠነ ኬሚስት ወተቱን አድርቆ፥ በኤተር አጥቦ፥ በረቂቅ ሚዛን መዝኖ ትክክለኛውን ቍጥር ያገኝ ነበር። ይህ ግን ጊዜም ዕቃም ዕውቀትም ይጠይቃል። በየጧቱ የብዙ ገበሬ ወተት የሚቀበል የፋብሪካ ሠራተኛ እንዴት አድርጎ ይህን ይሥራ? ፈጣን ዘዴ የፈለጉ ሌሎችም ነበሩ፤ በማዲሰን ራሱ ሾርት የተባለ ኬሚስት በ1888 አንድ ዘዴ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ለመንደር ሠራተኛ ከባድ ሆኖ ተገኘ። የእርሻ ክፍሉ አለቃ ዊልያም ሄንሪ ባብኮክን በዚህ ሥራ እንዲገባ ገፋፋው።

የባብኮክ አሳብ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ስብ በወተት ውስጥ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ሆኖ ተበትኖ ይገኛል፤ ሌላው የወተቱ ክፍል፥ በተለይም ፕሮቲኑ፥ ይዞ አላስሰበስብ ይለዋል። እንግዲህ ስቡን ከማውጣት ይልቅ ሌላውን ሁሉ ማጥፋት ይሻላል። 17.6 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወተት (18 ግራም ያህል ነው) በጠርሙሷ ይገባል፤ በላዩ 17.5 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብርቱ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመራል። ድብልቁ ይፈላል፥ ይጠቍራል፥ ቡና ይመስላል፤ ፕሮቲኑ ሁሉ ይሟሟል፤ ስቡ ግን በአሲዱ አይነካም፤ ከሙቀቱ የተነሣም ቀልጦ ይለያል። ከዚያ ጠርሙሶቹ በሚሽከረከር መኪና ውስጥ ገብተው 5 ደቂቃ ይዞራሉ፤ ሙቅ ውሃ ይጨመርባቸዋል፥ ደግሞ ይዞራሉ፤ በመጨረሻ ቢጫው ስብ ተሰብስቦ ወደ ቀጭኑ አንገት ይወጣል። አንገቱ ላይ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ቴርሞሜትር እንደሚነበብ ይነበባል። ምንም ሒሳብ የለበትም። እኛ በኬሚስትሪ ፈተና ዕለት እጃችን የሚንቀጠቀጠው ሰዎች እንኳ፥ ከአሲዱ ከተጠነቀቅን፥ ልንሠራው የምንችል ይመስለናል።

ከመጠናቀቁ በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ፤ ይህንንም የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ሁሉ ይወዱታል። ዘዴው በዩኒቨርሲቲው መንጋ ባሉት ላሞች ወተት ላይ ሲሞከር በሁሉም ዘንድ ትክክል ሆኖ ሳለ የአንዲት ላም ወተት ብቻ እምቢ አለ። ሄንሪ ቸኩሏል፤ ገበሬዎቹ እየጠበቁ ነው፤ ስለ አንዲት ላም ብሎ ይህን የመሰለ ነገር ማዘግየት ምን ይባላል? ባብኮክ ግን አላወጣም አለ። በዩኒቨርሲቲው መንጋ አንዲት ካለች በክፍለ ሀገሩ መንጋዎች ስንት እንደዚህች ያለች እንደምትኖር ማን ያውቃል? ስለዚህ የእርሷም ወተት እስኪታዘዝ ድረስ ዘዴውን ደጋግሞ አሻሻለው። በጁላይ 1890 በጣቢያው 24ኛ ጽሑፍ ታትሞ ወጣ።

ባብኮክ ለዚህ ነገር ፓተንት አላወጣም። ሊቆጠር የማይችል ገንዘብ ሊያገኝበት ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ደመወዙን ሕዝብ የሚከፍለው ሰው ሥራው የሕዝብ ነው የሚል እምነት ስለ ነበረው ለዓለም ሁሉ በነጻ ለቀቀው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠርሙሷ በአሜሪካ ሁሉ፥ ከዚያም አልፋ በሌሎች አገሮች ተሰራጨች። በስዊስ አገር ጌርበር የተባለ ሰው በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ዘዴ አወጣ፤ በኛ አገር የወተት ላቦራቶሪዎች የሚሠራበትም ይኸው የጌርበር ነው።

ስለዚህ ስለ ፓተንቱ ነገር በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበርና ሳንጽፈው ማለፍ አንችልም። በዚያው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የባብኮክ ታናሽ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሃሪ ስቲንቦክ በ1920ዎቹ በብርሃን ኃይል ምግብን በቪታሚን ዲ የማበልጸግ ዘዴ ሲያገኝ እንደ ባብኮክ አላደረገም፤ ፓተንት አወጣ፤ ገንዘቡንም በ1925 በተቋቋመው የዩኒቨርሲቲው ምሩቃን የምርምር ድርጅት አማካይነት ለምርምር እንዲውል አደረገ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ከባብኮክ ይልቅ ስቲንቦክ ብልህ ነበር ይላሉ። ማስረጃም አላቸው። ጠርሙሷን ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ሊሠራት ይችል ስለ ነበረ መስመሯ የተዛባ ርካሽ ጠርሙስ በገበያ ታየ፤ ክፍለ ሀገሮቹም ዕቃው በመንግሥት ካልተመረመረ በቀር እንዳይሠራበት ሕግ እስከ ማውጣት ደረሱ። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ፍርዳችን ወደ ባብኮክ ያዘነብላል፤ ምክንያቱም አንድ የመንደር ፋብሪካ በየጠርሙሱ ቀረጥ ይክፈል ቢባል ኖሮ ውሃ ጨማሪውን ጎረቤት ታግሦ መኖርን ይመርጥ ነበር ብለን እናስባለን። የተዛባውን ጠርሙስ ሕግ አስተካከለው፤ ያልተገዛውን ጠርሙስ ግን ምን ያስተካክለው ነበር?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገበያ ነው። ጠርሙሷ ግን በገበያ አልቆመችም፤ ወደ በረት ገባች።

ከዚያ በፊት የላም መልካምነት የሚታወቀው በመልኳ ነበር። በፈረንሳይ አገር ጌኖን የሚባል ሰው ከጡቷ በላይ በስተኋላ ያለውን የጠጕር አቅጣጫ እያየ ወተቷን የሚተነብይ ትምህርት አውጥቶ ብዙ ሊቃውንት ተከትለውት ነበር። ወፍራም ወተት ከወፍራም መኖ ይመጣል የሚለው እምነትም በሁሉ ዘንድ ነበር። አሁን ግን ገበሬው የእያንዳንዷን ላም ወተት ለብቻ መመርመር ቻለ። የተገኘውም ነገር አስደናቂ ነበር። በአንድ በረት ቆመው፥ አንድ ዓይነት መኖ በልተው፥ አንዷ ከመቶ 3፥ ሌላይቱ ከመቶ 5 ትሰጣለች። መኖው ሲሻሻል የወተቱ ብዛት ይጨምራል፤ የስቡ መጠን ግን ከላሚቱ ጋራ እንደ ተጣበቀ ጠባይ ነው። መኖ ጨርሶ አይነካውም ማለት አይደለም፤ ድርቆሽ ሲያንስ ስቡ እንደሚቀንስ ዛሬ የታወቀ ነው። ነገር ግን የልዩነቱ ሥር በሆድ ሳይሆን በዘር ውስጥ መሆኑ ተገለጠ። የጀርሲ ዘር ወፍራም፥ የሆልስታይን ዘር ብዙና ቀጭን ወተት እንደሚሰጡ በልማድ ይታወቅ ነበር፤ አሁን ቍጥር ተገኘለት፤ ከዚያም በላይ በአንድ ዘር ውስጥ ባሉ እኅትማማች ላሞች መካከል ያለው ልዩነት ተቈጠረ።

በዴንማርክ አገር በ1895 በቬየን ገበሬዎች ተሰብስበው የላሞቻቸውን ወተት በየጊዜው የሚመዝንና ስቡን የሚለካ ሰው በማኅበር ቀጠሩ። በአሜሪካም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ማኅበር በ1906 በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ተቋቋመ። መዝገብ መከማቸት ጀመረ። የሜንዴል ሕግ በ1900 እንደ ገና ሲገኝ እነሆ ስለ ከብት ውርስ ሊመረመር የሚችል ቍጥር በየበረቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር ለማለት ይቻላል። ባብኮክ ይህን አስቦ የሠራው አይመስለንም።

ትልቁ ችግር ኮርማው ነበር። ኮርማ አይታለብም። ነገር ግን የልጆቹ ዘር እኩሌታ ከእርሱ ነው፤ አንድ ኮርማም ከአንዲት ላም እጅግ የሚበልጡ ልጆች አሉት። እንግዲህ በእርሱ ደም ውስጥ ያለው የወተት ጠባይ እንዴት ይታወቅ? በሴት ልጆቹ ወተት ብቻ። የልጆቹ ወተት ከእናቶቻቸው ወተት ጋራ ይነጻጸራል፤ ከእናቶቻቸው ከበለጡ የኮርማው ነው ይባላል። በአዮዋ የነበረው ጄይ ለሽና ተከታዮቹ ይህን በስታቲስቲክስ ሕግ አስተካክለው በአንድ መንጋ ውስጥ ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ የውርስ እንደ ሆነ የሚለካበትን መንገድ አስፋፉ። ውጤቱ እንዲህ ነው። በወተት ብዛት በኩል ከሚታየው ልዩነት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው የውርስ ነው፤ የቀረው የመኖ፥ የአያያዝና የዕድል ነው። በስብ መጠን በኩል ግን እኩሌታ ያህሉ የውርስ ነው። ደግሞም ሁለቱ ጠባዮች ይጣላሉ፤ ለብዛት የመረጠ ሰው ሳያውቀው ወተቱን ያቀጥናል። ባብኮክ የደረሰባቸው ያ የክብደት ገበያ ሳይታረም ቢቀር ኖሮ መንጋውን ወዴት ይወስደው እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደዚያ ወደ ሃያ ዓመቱ ቀልድ እንመለስ። ባብኮክ መኖን በኬሚስት ሒሳብ ብቻ መፍረድ ስሕተት መሆኑን ማስመስከር ይፈልግ ነበር፤ ነገር ግን ላም የሚሰጠው አላገኘም፤ የከብት ክፍሉ ሰዎች ከብቶቻቸው እንዳይሞቱባቸው ይፈሩ ነበር። በመጨረሻ በግንቦት 1907 ሥራው ተጀመረ። 16 ጊደሮች በአራት ተከፈሉ፤ አራቱ የበቆሎ ተክል ብቻ፥ አራቱ የስንዴ ብቻ፥ አራቱ የአጃ ብቻ፥ የቀሩት አራቱ ሦስቱንም ቀላቅለው በሉ። በላቦራቶሪው ሒሳብ የሁሉም መኖ እኩል ነው። ጊደሮቹ ግን ሒሳቡን አልሰሙም። በበቆሎ ያደጉት ጠጕራቸው አብረቅርቆ ጤነኛ ጥጃ ወለዱ፤ በስንዴ ያደጉት ከሱ፥ ጥጆቻቸውንም ያለ ጊዜያቸው ሞተው ጣሉ፤ የአጃዎቹ በመካከል ሆኑ። ጽሑፉ በ1911 ሲታተም ሥራውን የፈጸሙት የሃርት፥ የማክኮለም፥ የስቲንቦክና የሃምፍሪ ስም ነበረበት፤ የባብኮክ ስም በጸሐፊነት አልተጻፈም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማክኮለም ከማርጋሪት ዴቪስ ጋራ በቅቤ ስብ ውስጥ ለዕድገት የግድ የሚያስፈልግ ነገር አገኙ፤ በኋላ ቪታሚን ኤ የተባለው ነው። ስለዚህ ያቺ ጠርሙስ በአንገቷ ላይ ስታሳየው የኖረችው ቢጫ ነገር ስብ ብቻ አልነበረም።

ባብኮክ በ1913 ከማስተማር ዐረፈ። ሽልማት አላጣም፤ ክፍለ ሀገሩ በ1901 የነሐስ ሜዳይ ሰጥቶታል፤ በ1930ም ለአሜሪካ እርሻ ለተደረገ አገልግሎት የተመደበው የካፐር ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኖ 5,000 ዶላር ተቀብሏል። ከሚስቱ ከሜይ ክራንዳል ጋራ በማዲሰን በጸጥታ ይኖር፥ የቤዝቦል ጨዋታ ይመለከት፥ በግቢው አበባ ይተክል ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። በጁላይ 1931 በ87 ዓመቱ ሞተ።

ከሞተ በኋላ የወተት ውርስ ትምህርት ወደ ሌላ ዓለም ገብቷል። በ1955 በእንግሊዝ አገር አሻፈንበርግና ድሩሪ የወተት ፕሮቲን ራሱ ከላም ላም በውርስ እንደሚለያይ አሳዩ። በ2002 ደግሞ በቤልጅግ የሊየዥ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትና የሥራ ጓዶቻቸው በከብት 14ኛ ክሮሞሶም ላይ ዲጋት አንድ የተባለውን ጂን አገኙ፤ በዚህ ጂን ውስጥ ባለች አንዲት ለውጥ የተነሣ ወተት ይወፍራል ወይም ይቀጥናል፤ ስቡን የሚያወፍረው ዓይነት የወተቱን ብዛት ይቀንሳል። ይኸው የሚያወፍረው ዓይነት ሻኛ ባላቸው በዜቡ ከብቶች ዘንድ እጅግ የበዛ ነው። የቦረና ላም ወተቷ ጥቂት ሆኖ ቅቤዋ የሚበረክተው ለምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው የመልሱ አንድ ክፍል በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የኛ አገር ላሞች ከሆልስታይን ጋራ ሲዳቀሉ ወተቱ ይበዛል፥ ስቡ ከመቶ ሲታይ ይቀንሳል፤ ወተት በሊትር ብቻ በሚሸጥበት ከተማ ይህን ልብ ብሎ የሚቈጥር ሰው ብዙ አይደለም።

በትልልቅ ላቦራቶሪዎች የአሲዱን ሥራ አሁን የኢንፍራሬድ ብርሃን መሣሪያ ይሠራዋል። በማዲሰን ግን በ1951 የተከፈተ ባብኮክ አዳራሽ የሚባል የወተት ትምህርት ሕንጻ አለ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከምድር ቤቱ መደብር በር ላይ ተሰልፈው፥ ስሙ የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ፥ እዚያው የተሠራ አይስክሬም ይገዛሉ።